አምስት ጊታር፣ ሦስት አምፕ፣ አንድ ቪትዝ፦ የአንድ ጊታሪስት የጉዳይ ጥናት

## ስለ ጉዳዩ

ሥራዬ የድምፅ ዕቃ መጠገን ነው። አምፕ (የጊታር ድምፅ ማጉያ)፣ ሚክሰር (ድምፅ ማቀላቀያ)፣ ኪቦርድ፣ የሚንኮሻኮሽ ማይክ፣ የማይመጣ የለም። አብዛኛው ተሠርቶ ይሄዳል፣ እኔም እረሳዋለሁ። ይኼኛውን ግን መጻፍ ፈለግሁ። ለጥገና የመጣው አንድ የተቃጠለ አምፕ ነበር። ስናወራ ግን ከአምፑ ይልቅ የዕቃ አያያዙ የባሰ ጥገና እንደሚያስፈልገው ታወቀ።

ባለጉዳዩ ዕድሜው ወደ አርባ የሚጠጋ፣ አዲስ አበባ የሚኖር፣ በጊታር ብቻ ቤተሰብ የሚያስተዳድር ሙዚቀኛ ነው። የእሱንም የባንዶቹንም ስም ትቻለሁ። እንዲጻፍ ፈቅዷል፤ «የዋጋውን ነገር ብቻ ተወው፣ ሚስቴ ልታነብ ትችላለች» ብሎኛል። ስለዚህ ዋጋ የለም።

## ዳራ

የሚጫወተው ከሦስት ባንድ ጋር ነው። አንደኛው በሳምንቱ መሀል ሆቴል ላውንጅ ውስጥ የድሮ ዘፈኖችንና ኢትዮ ጃዝን የሚጫወት ትንሽ ባንድ ነው። ሁለተኛው የሠርግ ባንድ ነው። ሦስተኛው ማታ ማታ ክለብ ውስጥ እንግዳ ዘፋኞችን ያጅባል።

ሥራው ዓመቱን ሙሉ እኩል አይመጣም። ጥር ላይ ሠርግ ይጎርፋል። ዐቢይ ጾም ሲገባ ቀጥ ይላል፤ ክለቡም ይቀዘቅዛል። ከፋሲካ በኋላ እንደገና ይነሳል፣ ክረምቱ ሲገባ ደግሞ ይደክማል። ሙዚቀኛ ዕቃ የሚገዛው ጥር ላይ ነው፣ የሚጸጸተው ሁዳዴ ላይ።

ሦስት ባንድ ሦስት ዓይነት ድምፅ ይፈልጋል። ላውንጁ ንጹሕ ድምፅ፣ ትንሽ ሪቨርብ (ማስተጋባት)፣ አልፎ አልፎ ዋዋ (ድምፁን «ዋ ዋ» የሚያሰኝ የእግር ፔዳል) ይፈልጋል። ባለጉዳዩ የሮሃ ባንዱን የሰላም ሥዩምን ጊታር በካሴት እየሰማ ያደገ ሰው ስለሆነ እዚያ ላይ አይታማም። ሠርጉ ደግሞ በኪቦርድና በድራም መሀል ሰንጥቆ የሚወጣ ድምፅ ይጠይቃል። ክለቡ አንዴ ሬጌ ነው፣ አንዴ ሮክ፣ ዘፋኙ ያመጣውን ሁሉ። «ለእያንዳንዱ የራሱ ጊታር» የሚለው ሐሳብ የመጣው ከዚህ ነው።

ዕቃው ግን በዕቅድ የተሰበሰበ አልነበረም። ሜክሲኮ የተሠራ ፌንደር ስትራቶካስተር ዋናው ነው፤ አገር ለቆ ከሚሄድ ሙዚቀኛ የገዛው ነው። ስኳየር የተባለው ርካሽ ስትራት (ስትራቶካስተር) የተማረበት ሲሆን አልጋ ሥር ይተኛል። ቴሌካስተሩ ለሥራ ዱባይ በሄደ ጊዜ የተገዛ ነው። አራተኛው ኤፒፎን ነው፤ ጊብሰን በ1958 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ባወጣው በኢኤስ-335 አምሳል የተሠራ፣ ሆዱ በከፊል ክፍት የሆነ። አምስተኛው የሌላው የጊብሰን ጊታር፣ የሌስ ፖል አምሳያ ነው፤ አሜሪካ ያለው ወንድሙ የላከለት።

ከአምፖቹ ትልቁ ፌንደር ትዊን ሪቨርብ ነው። እሱንም ወንድሙ በካርጎ ልኮታል። 85 ዋት ያወጣል፣ 29 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። ሁለተኛው ዕቃ ይቀይር ከነበረ ሆቴል የተገዛ ሮላንድ ጄሲ-120 ነው። ይኼ ደግሞ 28 ኪሎ ነው። ሦስተኛው ለቤት ልምምድ የሚሆን ባለ 15 ዋት ትንሽ አምፕ ነው። ይህን ሁሉ የምታመላልሰው አንዲት ቪትዝ ናት። ትዊኑ ከኋላ ወንበር ላይ ሲጫን ከጎኑ ሰው አይቀመጥም። ረዳቱ ልጅ ሚኒባስ ይዞ ይከተላል።

## ያ ምሽት

ጥር ላይ ነው። የሠርግ አዳራሽ። ባለጉዳዩ ትዊኑን ይዞ ሄዷል። ትዊኑ ለአሜሪካ ገበያ የተሠራ ስለሆነ 120 ቮልት ነው የሚፈልገው። የእኛ መብራት 220 ነው። ስለዚህ መሀል ላይ ስቴፕ ዳውን ትራንስፎርመር ይገባል፤ 220ውን ወደ 110 የሚያወርደው ከባድ ሳጥን።

ሙሽሮቹ ሊገቡ ሲሉ መብራት ጠፋ። ጄኔሬተር ተነሳ። በጨለማው ግርግር የዲኮር ሠራተኞች የሶኬት ማከፋፈያውን ከነትራንስፎርመሩ ነቅለው ሌላ ቦታ ወሰዱት። ረዳቱ ልጅ የአምፑን ገመድ ብቻውን ተንጠልጥሎ አገኘው። ኪሱ ውስጥ ጠፍጣፋውን የአሜሪካ ሶኬት ወደ ክብ የሚቀይር አዳፕተር ነበረው። ሰካው። አዳፕተሩ ግን የእግሩን ቅርጽ እንጂ ቮልቱን አይቀይርም።

ፊውዙ ወዲያው ተቃጠለ። ፊውዝ ለዚህ ነው የተፈጠረው፤ ነገሩ እዚህ ላይ ቢቆም ጉዳቱ ትንሽ በሆነ ነበር። አጠገባቸው የነበረ ሰው ግን «እኔ አውቃለሁ» አለ። የሲጋራ ፓኮ ውስጥ ያለውን ብርማ ወረቀት ቀደደ፣ ፊውዙን ጠቀለለበት፣ መለሰው። አምፑ ለጥቂት ሰከንድ ጮኸ። ከዚያ ጭስ።

ባለጉዳዩ ጊታሩን በፔዳሎቹ በኩል ቀጥታ ሚክሰር ላይ ሰክቶ ቀጠለ። ድምፁ ቀጭን ነበር፣ ግን ሥራው አልቆመም። ትንሽ እንደሄዱ የስትራቱ አንደኛ ክር ተበጠሰ። የስትራት ብሪጅ (ክሮቹ የሚያርፉበት ብረት) በስፕሪንግና በክሮቹ ውጥረት መሀል ተንሳፍፎ የሚቆም ነው። አንድ ክር ሲበጠስ ሚዛኑ ይፈርሳል፣ የቀሩት አምስቱ በሙሉ ከቅኝት ይወጣሉ። ስለዚህ በአምስት ክር መጨረስ አይቻልም። መጠባበቂያ ብሎ ያመጣውን የሌስ ፖል አምሳያ አነሳ። ያ ደግሞ ፒክአፑ (የክሩን ንዝረት የሚይዘው ማግኔት) ሀምባከር፣ ማለትም ጉርምርምታ የማይዝ ባለ ሁለት ጥቅል ነው፤ ከስትራቱ በጣም ይጮኻል። ክሩም ይወፍራል። የመጀመሪያውን ኮርድ ሲመታ ዘፋኟ ዞራ አየችው፣ ሳውንድ ማኑ ወደ ሚክሰሩ ሮጠ።

ከሥራ በኋላ የባንዱ መሪ፣ ሁሉም ጋሼ የሚላቸው ሰው፣ ተቆጥተው አልጮኹም። «አንተ ልጅ፣ ጊታር ነው ይዘህ የምትዞረው ወይስ ሱቅ?» ብቻ አሉት። እንደነገረኝ ከሆነ ከአምፑ ይልቅ ያቃጠለው ይኼ ነው።

## አምፑን ስከፍተው

ሳይከፈት ሽታው ነገረኝ። የትራንስፎርመር ቫርኒሽ ሲቃጠል የሚያወጣው ጣፋጭ፣ የሚያቅለሸልሽ ሽታ አለው። ብርማው ወረቀት ፊውዙ ላይ ተጣብቆ እንዳለ ነበር። የፓወር ትራንስፎርመሩ መጠምጠሚያ ወረቀት ጠቁሮ ተልጧል።

ሒሳቡ ቀላል ነው። ትዊን ሪቨርብ በቫልቭ የሚሠራ አምፕ ነው፤ በድሮ ሬዲዮ ውስጥ የነበረው አምፖል መሳይ ነገር ማለት ነው። ከኋላ 6ኤል6 የሚባሉ አራት ትልልቅ፣ ከፊት ደግሞ ስድስት ትንንሽ ቫልቮች አሉት። የቫልቮቹ ማሞቂያ 6.3 ቮልት ይፈልጋል። 120 በሚገባበት 220 ሲገባ ይኼ 11 ቮልት ተኩል ይሆናል። ከ450 በላይ የነበረው ዋናው ዲሲ ቮልቴጅ ደግሞ በሒሳብ ከ800 ያልፋል። ይህን የሚችል ካፓሲተር (ኤሌክትሪክ የሚያጠራቅም ዕቃ) ውስጡ የለም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር። የቫልቭ አምፕ ከሶኬት ተነቅሎም ካፓሲተሮቹ ውስጥ ሰው የሚገድል ኤሌክትሪክ ሊቆይ ይችላል። «ፊውዙን ልየው» ከሚለው አልፎ ስክሩ ድራይቨር የሚያስገባ ሰው መጀመሪያ ካፓሲተር እንዴት እንደሚራገፍ ይወቅ። ካላወቀ አይክፈት።

ትራንስፎርመሩ ሞቷል። ሁለት ካፓሲተር አብጧል። ከኋላ ቫልቮቹ ሁለቱ ሄደዋል። ስፒከሮቹና የሪቨርቡ ስፕሪንግ ደህና ናቸው።

## የተወሰዱ እርምጃዎች

ባለጉዳዩ ያሰበው ሁለት ነገር ነበር፦ ትዊኑን እንዳለ መልሼ እንድጠግንለትና እሱ ደግሞ «ጥሩ መጠባበቂያ» የሚሆን ስድስተኛ ጊታር እንዲገዛ። ጊታሩን ከመግዛቱ በፊት አንድ ደብተር እንዲይዝ ለመንኩት። ከእያንዳንዱ ሥራ በኋላ የትኛውን ጊታር ይዞ እንደሄደ፣ የትኛውን በእርግጥ እንደተጫወተበት፣ ምን እንደተበላሸ መጻፍ። በአንድ መስመር።

ደብተሩ የተናገረው አስገረመው። ሠርግና ክለብ ላይ ዘጠና በመቶ የሚጫወተው ስትራቱን ነው። ላውንጅ ላይ ግማሽ ክፍቱን ኤፒፎን። ቴሌካስተሩ ሦስት ወር ሙሉ ከሣጥኑ አልወጣም። ሌስ ፖሉ ብዙ ጊዜ ተጭኗል፣ አልተነካም። «ምን ተበላሸ» በሚለው ስር የተጻፈው ደግሞ ጊታር ማነስ አልነበረም። የሞተ ጃክ፣ የተረሳ የፔዳል ቻርጀር፣ የሚዘል መብራት፣ የተበጠሰ ክር።

አምፑን በተመለከተ እንደነበረ አልመለስኩትም። የተቃጠለውን ትራንስፎርመር በሌላ ባለ 120 መተካት ያንኑ ወጥመድ መልሶ ማጥመድ ነው። ለውጭ ገበያ በተሠራ፣ ብዙ የቮልት መግቢያ ባለው ትራንስፎርመር ተካሁት። ባለ 230ው መግቢያ ላይ አሠርኩት፣ ፊውዙንም ለዚያ ቮልት በሚሆነው ቀየርኩ። የአሜሪካውን ሶኬት ቆርጬ በእኛ ቀየርኩት፤ ማንም አዳፕተር እንዳይፈልግ። ከጀርባው በቀይ ማርከር «220» ተጻፈ። ሌላም ጥቅም አለው። የአሜሪካ መብራት 60 ኸርዝ ነው፣ የእኛ 50። ለ60 ብቻ የተሰላ ትራንስፎርመር በ50 ላይ ሲሠራ ይበልጥ ይሞቃል። አዲሱ ለሁለቱም የተሠራ ነው። ዕቃው እስኪመጣ ግን ብዙ ጠበቅን፣ ሐምሌ 2016 የብር ምንዛሬ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ ስለነበረም ሒሳቡ በጣም አመመው። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፎ ነበር።

ለመጠባበቂያው መልሱ አልጋ ሥር ተገኘ። ስኳየር ስትራቱ ርካሽ ነው፣ ግን የአንገቱ ልክ ከዋናው ጋር አንድ ነው፤ ከጫፍ እስከ ብሪጅ የክሩ ርዝመት 648 ሚሊሜትር። የሌስ ፖሉ 628 ነው፤ ጣት ልዩነቱን ወዲያው ያውቀዋል። የስኳየሩን ቮልዩምና ጃክ መሰኪያ በደህና ቀየርን። ሁለቱም ላይ እኩል ውፍረት ያለው ባለ 10 የሚባለው ክር ገባ፣ የክሩ ከፍታ አንድ ሆነ። የፒክአፖቹን ከፍታ በስክሩ እያስተካከልን ሁለቱ እኩል እንዲጮኹ አደረግን። ይህንን በጆሮ ሳይሆን የሚክሰሩን መብራት እያየን ነው የሠራነው።

ብሪጁንም አሰርነው። ከጀርባ ክዳኑን ከፍቶ፣ በብረቱ ብሎክና በጊታሩ እንጨት መሀል በልኩ የተፋቀ ጠንካራ እንጨት መሸጎጥ ነው። ከዚያ በኋላ ብሪጁ አይንሳፈፍም። አንድ ክር ቢበጠስ የቀሩት ቅኝታቸውን ይይዛሉ፣ ዘፈኑ ያልቃል። የብሪጁ እጀታ ከሥራ ውጭ ይሆናል፤ ባለጉዳዩ እንደሆነ አይጠቀምበትም ነበር።

በመጨረሻ የመብራት ቦርሳ ተዘጋጀ። የራሱ ማከፋፈያ፣ ቴስተር፣ መለዋወጫ ፊውዝ፣ ሁለት ጃክ፣ ሙሉ የክር ጥቅል፣ ፕላስተር። ረዳቱ ልጅ አንድ ሕግ ተሰጠው፦ መብራት ሲጠፋ መጀመሪያ አምፑን አጥፋ፣ ጄኔሬተሩ ተነስቶ ከተረጋጋ በኋላ በቴስተር ለካ፣ ከዚያ አብራ። ልጁን ማንም አልወቀሰም። ከዚያ በፊት የነገረው ሰው አልነበረም።

## የሠራውና ያልሠራው

ሁለቱ እኩያ ስትራቶች ከሁሉም በላይ ሠሩ። በሚቀጥለው የሠርግ ወቅት ክር ሲበጠስ ጊታር ቀየረ፣ አዳራሹ አላወቀም። ሌላም ያልታሰበ ጥቅም ተገኘ። የአዳራሽ መብራትና ዲመር (መብራት ማደብዘዣ) በስትራት ፒክአፕ ውስጥ የሚያሰማው ጉርምርምታ አለ። የአዳዲስ ስትራት መሀለኛ ፒክአፕ በተቃራኒ የተጠቀለለ ስለሆነ የፒክአፕ መቀየሪያው 2ኛውና 4ኛው ቦታ ላይ ሲሆን ጉርምርምታው ይጠፋል። አሁን አዳራሽ ሲገባ መጀመሪያ እሱን ነው የሚሞክረው። ቀድሞ «ለአዳራሽ ሀምባከር ያስፈልገኛል» ብሎ ነበር ሌስ ፖሉን የሚሸከመው።

አምፕ አልባ የመሆን ሙከራው ግማሽ ለግማሽ ነው። የአምፕ ድምፅ የሚያስመስል ዲጂታል ፔዳል ተውሶ ቀጥታ ሚክሰር ላይ ሰካው። ሠርግ ላይ ጥሩ ነበር። ሞኒተር (ለተጫዋቹ ራሱን የሚያሰማ ስፒከር) አለ፣ ሳውንድ ማን አለ፣ 29 ኪሎ የሚሸከም የለም። ላውንጁ ግን ሁለት ትንሽ ስፒከር ብቻ ነው ያለው፤ እነሱም ወደ ሰው ነው የሚያዩት። ራሱን መስማት አቃተው፣ ድራመሩም «የት ነህ?» አለው። ስለዚህ ላውንጅ ላይ አምፕ ቀርቷል። ጄሲ-120ው እዚያው ሆቴል ዕቃ ቤት ተቀመጠ፣ መጓዝ አቆመ። እኔ ብሆን ከሁሉም እርምጃ በፊት ይህንን ነበር የማደርገው።

ጭራሽ ያልሠራው የውሰት ጉዳይ ነው። ብዙ ዕቃ እንዳለህ ከታወቀ «ለአንድ ማታ ብቻ» የሚል ስልክ አያቆምም። ይሉኝታ አለ፣ እንቢ ማለት ያስቸግራል። ትንሹ አምፕ እንዲህ ሄዶ ስፒከሩ ተቀዶ ተመልሷል። ባለጉዳዩ በወረቀት ተፈራርሞ ቀብድ መያዝ ሞከረ። አንድ የድሮ ጓደኛው ወረቀቱን አይቶ «እኔን ነው?» አለ፣ ለወራት አልተነጋገሩም። ወረቀቱ ቀረ። የተሻለው መፍትሔ ቴሌካስተሩን «የውሰት ጊታር» ብሎ መሰየም ሆነ። የሚጠይቅ እሱን ያገኛል። ሌላው «ለሥራ ወጥቷል» ነው። ውሸትም አይደለም።

ቴሌካስተሩ መጀመሪያ እንዲሸጥ ነበር ያልነው። ዱባይ ከነበረው እርጥበት ወደ አዲስ አበባ የበጋ ድርቀት ሲመጣ የአንገቱ እንጨት ተኮማትሮ የፍሬቶቹ (አንገቱ ላይ የተደረደሩት ቀጫጭን ብረቶች) ጫፍ ወጥቶ ነበር። እጅ ይቧጭራል፣ ገዢ ይሸሻል። ጫፎቹን በሞረድ አስተካከልኩ፣ ሣጥኑ ውስጥ ደግሞ እርጥብ ስፖንጅ በተበሳ የሳሙና ዕቃ አድርጎ እንዲያስቀምጥ ነገርኩት። ሌስ ፖሉንም ሽጠው ብዬው ነበር። «የወንድሜ ነው» አለ። ይኼን በደብተር አታሸንፈውም። ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል።

## ለሌላው የሚተርፍ

ከአንድ ባንድ በላይ ለሚሠራ ሰው ዕቃ ማብዛት ነውር አይደለም። ግን እያንዳንዱ ዕቃ ሥራው በአንድ ዓረፍተ ነገር መነገር አለበት። «ይኼ የላውንጅ ነው፣ ይኼ የሠርግ፣ ይኼ የእሱ ምትክ።» የሌስ ፖሉ ዓረፍተ ነገር «ምናልባት» የሚል ቃል ነበረበት። እንዲህ ያለው ዕቃ መኪና ላይ አይጫን።

መጠባበቂያ ማለት ሌላ ዓይነት ጊታር ማለት አይደለም። ያንኑ የሚመስል ነው። ገንዘቡ ካለ ሁለተኛውን ጊታር በጣም ጥሩ ከማድረግ በጣም ተመሳሳይ ማድረግ ይሻላል።

ከአሜሪካ ወይም ከካናዳ ዘመድ አምፕ ልላክ ሲል ከዋጋው በፊት ጀርባው ላይ የተጻፈውን ፎቶ አንስቶ ይላክ። «120 ቮልት» ብቻ ካለ የትራንስፎርመር ወጪ አብሮ ይታሰብ። ስቴፕ ዳውን የሚጠቀም ሰውም ዋቱን በአምፑ ድምፅ ዋት አይለካ። 85 ዋት የሚያወጣ የቫልቭ አምፕ ከሶኬት የሚስበው ከዚያ እጥፍ በላይ ነው፤ ትራንስፎርመሩ ደግሞ በቂ ትርፍ ይኑረው።

የመሬት ገመድ (ግራውንድ) ነገር ቀልድ አይደለም። ክር ይዘህ ማይኩ ከንፈርህን ከቆነጠጠህ አምፑና ሚክሰሩ አንድ ዓይነት መሬት ላይ አይደሉም ማለት ነው። ያን ጊዜ መጫወት አቁምና የመድረኩ ዕቃ ሁሉ ከአንድ ማከፋፈያ እንዲወጣ አድርግ፤ ሶኬቱ መሬት ከሌለው ደግሞ ሌላ ሶኬት ይፈለግ። ጉርምርምታ ለማጥፋት ብሎ የመሬቱን እግር የሚቆርጥ ሰው አይቻለሁ። ጉርምርምታው ይጠፋል፣ መከላከያውም አብሮ።

ጥገና በሥራ ወቅት አይያዝም። ጥር ላይ የሚመጣ አምፕ ሁልጊዜ «ለነገ» ነው፤ ለነገ የተሠራ ነገር ደግሞ ለከነገ ወዲያ አይተርፍም። ባለጉዳዩ አሁን ቀኑን ቀይሯል። ዐቢይ ጾም በገባ በመጀመሪያው ሳምንት ሁለቱን ስትራቶች፣ ትዊኑንና የጃክ ቦርሳውን ይዞ ይመጣል። ጄሲ-120ውን ገና አላየሁትም፤ የሆቴሉ ዕቃ ቤት ቁልፍ ያለው ሰው ፈቃድ ላይ ነው ተብሏል።